ዶሮዎቹ ማታ ቤታቸው አልገባ ካሉ

ከአራት ኪሎ ጀርባ፣ ጠባብ ግቢ ውስጥ ስምንት ዶሮ የያዙ እናት እንዲህ ብለው ጽፈውልናል፦ «በቀን ሰባት እንቁላል አገኝ ነበር፣ አሁን ሦስት ካገኘሁ ትልቅ ነገር ነው። መኖ ቀየርኩ። መድኃኒት ቤት የሰጡኝን ዱቄትም በውኃ በጥብጬ አጠጣሁ። ለውጥ የለም። ጭራሽ አመል አውጥተው ማታ ልጄ እያባረረ ነው የሚያስገባቸው። እሱም እንቁላል በለቀመ ቁጥር እጄን በላኝ ይላል። ምን መኖ ይሻላቸዋል?»

እናቴ፣ መኖውን ለጊዜው ይተዉት። መልሱን ራስዎ ጽፈውታል፣ ልጁ እጅ ላይ ነው ያለው። ዶሮ ሲመሽ ግቢ ተብላ አትለመንም። እምቢ ካለች ቤቷ ውስጥ የሚያስቸግራት ነገር አለ። ሰውንም የሚያሳክክ ከሆነ፣ የእኔ ግምት ቀዩ የዶሮ ቅንቅን ነው። ዶሮ የሚፈጀው ፈንግል የሚባለው በሽታ ቢሆንማ እስካሁን ስለ እንቁላል ባልጻፉልኝ ነበር።

ቅንቅን የመዥገር ዘመድ ናት፣ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አትሞላም። ቀን ላባ ገልጠው ቢፈልጉ አያገኟትም። ቆጡ ስንጥቅ ውስጥ፣ ምስማር ሥር፣ እንጨት ከእንጨት የሚገናኝበት ቦታ ተሸጉጣ ትውላለች። ሲጨልም ወጥታ ደም ትመጥና ተመልሳ ትደበቃለች። አንዷ ምንም አታመጣም። ሙቀት ሲያገኙ ግን በሳምንት፣ በአሥር ቀን ትውልድ ይተካሉ። ሲበዙ ዶሮዋ እንቅልፍ ታጣለች፣ አናቷ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ይገረጣል፣ እንቁላሉም ይቀንሳል።

ዛሬ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ የስልክዎን መብራት ይዘው ይግቡ። በነጭ ሶፍት ቆጡን ከሥሩ ይጥረጉት። ሶፍቱ ላይ ቀይ ሰረዝ ከታየ እሷው ናት።

መድኃኒቱ የፈላ ውኃ ነው። ጠዋት ዶሮዎቹን ያውጡ። ጉዝጓዙን ጠርገው ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ይክተቱና አፉን አስረው ከግቢ ያውጡት፤ ጥግ ላይ ከከመሩት ማታ ተመልሳ ትመጣለች። ቆጡን ነቅለው በሳሙና ይፈትጉት። ከዚያ የፈላውን ውኃ ስንጥቁ፣ ምስማሩና ጫፎቹ ላይ ቀስ እያሉ ያፍስሱ። መሐሉ ላይ ብዙ አይድከሙ፣ ጎሬዋ ጫፉ ነው። እንቁላል መጣያ ሳጥኑንም እንዲሁ ያድርጉ። ልጁን ግን ከፈላ ውኃ ያርቁት።

በሳምንቱ ይድገሙት፣ በሚቀጥለውም ሳምንት። ብዙ ሰው አንዴ አጥቦ የሚተወው ነገር ነው፤ ስንጥቅ ውስጥ የተረፈው እንቁላሏ ይፈለፈልና እንደገና ከዜሮ ይጀመራል።

ቆጡን ሲመልሱ ግድግዳ እንዳይነካ አድርገው በአራት እግር ያቁሙት። እያንዳንዱን እግር የቲማቲም ጣሳ ውስጥ ያስገቡና ምግብ የተጠበሰበት ዘይት ትንሽ ይጨምሩበት። ከግድግዳው ስንጥቅ ወጥታ ወደ ዶሮዋ የምትሄድበት ሌላ መንገድ ስለሌላት ዘይቱ ውስጥ ትቀራለች።

አሁን ትንሽ ልቆጣ። በውኃ ያጠጡት ዱቄት ቴትራሳይክሊን የሚባለው የባክቴሪያ መድኃኒት ሳይሆን አይቀርም። ከተማው ውስጥ ዶሮ ባስነጠሰች ቁጥር እሱን መበጥበጥ ልማድ ሆኗል። ቅንቅን በእሱ አትሞትም፣ እርስዎ ግን የመድኃኒቱ ቅሪት ያለበትን እንቁላል ለልጅ ይሰጣሉ። እየሰጡ ከሆነ ያቁሙ፤ እንቁላሉ ለስንት ቀን እንደማይበላም ማሸጊያው ላይ ያንብቡ። በሃይላንድ ጠርሙስ ተቀድቶ የሚሸጥ ስም የለሽ የተባይ መርዝም በቤትዎ አይግባ።

ሌላው ጣራው ነው። ቆርቆሮው ሥር የድንቢጥ ጎጆ ካለ ቅንቅኗን ያመጣችው ወፏ ልትሆን ትችላለች። ጫጩት እንደሌለበት አይተው ያንሱትና ቀዳዳውን ይድፈኑ። ያገለገለ ኬጅ ገዝተው ከሆነም ጥርጣሬዬ ወደዚያ ያደላል፣ ያለ ምግብ ወራት ትቆያለችና። ሦስቱን እጥበት ጨርሰው ሶፍቱ ነጭ ሆኖ ወጥቶም እንቁላሉ ካልተመለሰ፣ አንዷን ዶሮ ይዘው ወደ እንስሳት ሐኪም ይሂዱ።