ስለ ድንጉላና ንግሥት በረራ፦ ጠይቁ፣ እመልሳለሁ

ስለ ንብ ርቢ የፈለጋችሁትን ጠይቁ። አስቀድሜ ግን፣ ድንጉላ (ወንዱን ንብ) እየለቀማችሁ አትጣሉ።

ከዳንግላ፦ ጋሼ፣ ድንጉላ ማር አያመጣ፣ አይናደፍ። ዝም ብሎ ይበላል። ምን ይሠራልኛል?

መልስ፦ ይሄ ደስ የሚል ጥያቄ ነው። ንግሥትና ድንጉላ ለመራባት ቀፎ ውስጥ አይገናኙም። የሚገናኙት አየር ላይ ነው፣ ከመሬት ከ10 እስከ 40 ሜትር ከፍ ብለው። ድንጉሎች ከየሰዉ ቀፎ ወጥተው አንድ ቦታ ይሰበሰባሉ፤ ንግሥቲቱ ስትመጣ እንደ ጅራታም ኮከብ ከኋላዋ ተግተልትለው ይከተሏታል። ክንፉ የደከመ እዚያው ይቀራል። ዓይኑን ልብ ብላችሁ እዩት፣ አናቱ ላይ ሊገጥም ምንም አይቀረው፤ ሰማይ ላይ እሷን እንዲለይበት ነው። ሽታዋን በአንቴናው ይይዛል፤ ደረቱ የሰፋው የበረራ ጡንቻ ስለሞላው ነው። የደረሰባት ወዲያው ይሞታል። እሷ ግን ከ10 እስከ 20 ድንጉላ ጋር ተገናኝታ ዘሩን ለዓመታት ታስቀምጣለች። እና ድንጉላ ስትለቅሙ የአካባቢውን ሁሉ ዘር ነው የምታሳንሱት።

ከቡሬ፦ ትልቁ ነው የሚያሸንፈው በለኛ?

መልስ፦ በንብ፣ አዎ፣ ትልቁ ይሻላል። በሠራተኛ ንብ ጠባብ ክፍል ያደገ ድንጉላ ትንሽ ነው፣ የሚይዘው ዘርም ያንሳል።

ከሞጣ፦ ጋሼ ይቅርታ፣ ሁሌ አይደለም። ውሃ ዳር በመንጋ ከሚበሩት ትንኝ መሳዮች አንዳንዶቹ ላይ ትንሹ ወንድ ነው የሚቀናው፣ ቶሎ ይታጠፋል።

ከቡሬ፦ ትንኝን ከንብ ምን አገናኘው?

ከሞጣ፦ አካልና በረራ አይደል ወሬው? ለዝንብም ለትንኝም ይሠራል።

መልስ፦ ሞጣ ልክ ነው። ክብደት ጉልበት ይሰጣል፣ ለመታጠፍ ግን ያስቸግራል። በቃ፣ ወደ ንባችን።

ከፍኖተ ሰላም፦ ንቦቼ ደከሙ፣ ምን ላድርግ?

መልስ፦ «ደከሙ» ማለት ምን ማለት ነው? እንቁላል አለ? ንግሥቲቱን አይተሃታል? ዘርዝረህ ጻፍ።

ከቢቸና፦ ድንጉላ ቢቀነስ ማር አይጨምርም?

መልስ፦ ከላይ ያለውን አንብብ። አትልቀሙ አልኩ።

ከደብረ ማርቆስ፦ ከሰዓት ሰብል ላይ የተባይ መድኃኒት ብንረጭስ?

መልስ፦ እታለም፣ ተይው። ድንጉላም ንግሥትም ለመገናኘት የሚወጡት ከሰዓት ነው፣ ፀሐይ ሲሆን። ከረጫችሁም ንብ ከገባ በኋላ አመሻሽ ላይ፣ አበባ የያዘ ሰብል ላይ ግን ጭራሽ።

ከእንጅባራ፦ ማር ዘንድሮ ስንት ይሸጣል?

መልስ፦ ነጋዴ ጠይቅ።

ከደምበጫ፦ መንጋው እንዳይኮበልል የአዲሷን ንግሥት ክንፍ ብቆርጠውስ?

መልስ፦ ሳትገናኝ? በፍጹም! ካልበረረች አትገናኝም። ካልተገናኘች የምትጥለው እንቁላል ሁሉ ድንጉላ ብቻ ይሆናል፣ ሠራተኛ አይተካም፣ ቀፎው ያልቃል። መጀመሪያ መገናኘቷን የሚያሳይ በሰም የታሸገ የሠራተኛ እጭ በዓይንህ እይ። ከዚያ በፊት መቀስ አታንሳ።