የመብራት ሂሳቡ ጨመረ፣ ፈቃዴ ሊያልፍብኝ ነው፤ የቱ ቢሮ ልሂድ?

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ውስጥ ተከራይቼ የምሠራባት ትንሽ ጁስና ቁርስ ቤት አለችኝ። የመብራቱም የውሃውም ቆጣሪ በአከራዬ ስም ነው። ከእሳቸው መኖሪያ ጋር አንድ ላይ ነው የሚቆጥረው። ለሁለቱም በወር 1,500 ብር እሰጣቸው ነበር። አሁን «ታሪፍ ጨምሯል» ብለው 4,000 አምጪ አሉኝ፤ ደረሰኝ ግን አላሳዩኝም። በዚህ ላይ ንግድ ፈቃዴን ላሳድስ ወረዳ ስሄድ «መጀመሪያ መዋጮ ክፈዪ» ተባልኩ። የከተማው ምክር ቤትም የአገልግሎት ክፍያ ሊጨምር ነው እየተባለ ነው። ሁሉንም መክፈል ባቆም፣ ፈቃዱንም ሳላሳድስ ብከስ ያዋጣኛል? ለመሆኑ ምክር ቤቱ ይህን የማድረግ መብት አለው?

መልስ፦ ከሁሉ በፊት ፈቃድዎን ያሳድሱ። ክርክሩ ይደርሳል።

ደብዳቤዎን የጻፉት ኅዳር ላይ ስለሆነ ጊዜ አለዎት፤ ግን ብዙ አይደለም። የንግድ ፈቃድ በየዓመቱ ይታደሳል። ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ያለ ቅጣት፣ ከጥር 1 እስከ ሰኔ 30 ደግሞ በቅጣት ነው። እሱም ካለፈ ፈቃዱ እስከመሰረዝ ይደርሳል። በንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 መሠረት የጸና ፈቃድ ሳይኖር መነገድ ወንጀል ነው፤ በገንዘብም በእስራትም ያስቀጣል። «በመብራት ሂሳብ ተጣልቼ ነው ያላሳደስኩት» ቢሉ የሚሰማዎት ዳኛ አያገኙም። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

አሁን ወደ ጥያቄዎ ልምጣ። እርስዎ አራት የተለያዩ ክፍያዎችን በአንድ ቋጠሮ አስረው ነው የላኩልኝ፦ መብራት፣ ውሃ፣ ፈቃድ፣ መዋጮ። አብዛኛው ነጋዴ እንዲሁ ነው የሚያደርገው። ሁሉንም «መንግሥት ጨመረ» ይላል፤ ከዚያ ወረዳው ደጃፍ ላይ ቆሞ ስለ መብራት ይጨቃጨቃል። ወረዳው መብራት ላይ ምንም ሥልጣን የለውም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ክፍያ አንድ ነገር ይጠይቁ፦ ይህን የወሰነው ማን ነው? በየትኛው ወረቀት?

የመብራቱ መልስ ቀላል ነው። የኤሌክትሪክ ታሪፍ የፌዴራል ጉዳይ ነው። የከተማው ምክር ቤት አይጨምርም፣ አይቀንስምም። የአሁኑ ጭማሪ ከመስከረም 2017 ጀምሮ ለ4 ዓመት በየ3 ወሩ ደረጃ በደረጃ እንዲገባ የተወሰነ ነው። ስለዚህ አከራይዎ «ጨምሯል» ሲሉ አልዋሹም። በሦስት ወሩ እንደገና ቢሉዎትም አይገረሙ። ስንት ጨመረ የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ገንዘብዎ የሚፈስሰው እዚህ ጋ ይመስለኛል። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በእርከን የተከፈለ ነው። ብዙ በተጠቀሙ ቁጥር የአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋ ከፍ ይላል። እርስዎ ፍሪጅ፣ ጁስ መፍጫና ምድጃ አለዎት። አከራይዎም የራሳቸው ምጣድና ማጠቢያ ማሽን ይኖራቸዋል። ሁሉም በአንድ ቆጣሪ ሲያልፍ ሁለታችሁም ለየብቻ የማትደርሱበት ከፍተኛ እርከን ላይ ትወጣላችሁ። ማለትም ቆጣሪው አንድ በመሆኑ ብቻ ሁለታችሁም ተጎድታችኋል። ይህን ለአከራይዎ በእርጋታ ቢነግሯቸው ከጠብ ይሻላል።

ሌላው ቫት ነው። በቀድሞው የተጨማሪ እሴት ታክስ አዋጅ ቁጥር 285/1994 መብራትና ውሃ ከቫት ነፃ ነበሩ። አዲሱ አዋጅ ቁጥር 1341/2016 ግን ነፃነቱን ለመኖሪያ ቤት ፍጆታ ብቻ፣ ያውም እስከተወሰነ መጠን አደረገው። ስለዚህ በሂሳቡ ላይ 15 በመቶ የሚል መስመር ካለ ታሪፉ አይደለም፤ ታክሱ ነው። እርስዎ የቫት ተመዝጋቢ ከሆኑ ደግሞ የከፈሉትን ቫት ከሚያስገቡት ላይ የማቀናነስ መብት አለዎት። በአከራይዎ ስም በወጣ ደረሰኝ ግን አይሆንም። ደረሰኙ በእርስዎ ስም መሆን አለበት። የራስዎን ቆጣሪ ለማስገባት ከዚህ የተሻለ ምክንያት አላውቅም። ጥያቄውን ለመብራት አገልግሎት ሲያቀርቡ የቤቱ ባለቤት ስምምነትና የካርታ ቅጂ መጠየቅዎ አይቀርም፤ አስቀድመው ያዘጋጁ።

የማይወዱትንም ልንገርዎ። በመኖሪያ ታሪፍ ላይ ንግድ ማካሄድ አደጋ አለው። ንግድ ቤት በሌላ ምድብ ነው የሚከፍለው። አንድ ቀን የመብራት ሠራተኛ መጥቶ ጁስ ቤቷን ካየ ቆጣሪው ወደ ንግድ ሊዛወር፣ ልዩነቱም ወደ ኋላ ተቆጥሮ ሊጠየቅ ይችላል። ያኔ አከራይዎ ማን ላይ እንደሚዞሩ መገመት አያቅትም።

ታዲያ 4,000 ብሩን ይክፈሉ? ደረሰኙን ሳያዩ አይክፈሉ፤ ግን እጅዎንም አጣጥፈው አይቀመጡ። መጀመሪያ የኪራይ ውልዎን ያውጡና ያንብቡ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1731 በሕግ የተቋቋመ ውል በተዋዋዮቹ ላይ ሕግ ነው ይላል። ውሉ «መብራትና ውሃ በወር 1,500 ብር» ካለ አከራይዎ ብቻቸውን ተነስተው 4,000 ማድረግ አይችሉም። «ተከራይ የተጠቀመችውን ትከፍላለች» ካለ ደግሞ የተጠቀሙትን ያህል ነው፤ ያ የሚታወቀው በሂሳቡ ነው። ውሉ ዝም ካለ፣ እስካሁን የነበረው አሠራርና ትክክለኛው ሂሳብ ላይ ተመሥርታችሁ ትስማማላችሁ። እስከዚያ የማይከራከሩበትን ያህል በባንክ ያስገቡላቸው። ምክንያት በሚጻፍበት ቦታ ላይ «የጥቅምት ወር መብራትና ውሃ» ብለው ይጻፉ። በእጅ አይስጡ። ተናደው መብራቱን ቢቆርጡብዎ፣ አከራይ የተከራየውን ሰው በሰላም እንዲጠቀም የማድረግ ግዴታ ስላለበት ጥፋቱ የእሳቸው ይሆናል፤ የባንክ ወረቀትዎም ያኔ ይናገራል።

በነገራችን ላይ ብዙ ሰው አዋጅ ቁጥር 1320/2016ን ይዞ ይመጣል። የኪራይ ጭማሪን የሚቆጣጠረው ያ አዋጅ ለመኖሪያ ቤት ነው። ለሱቅ፣ ለካፌ፣ ለጁስ ቤት አይሠራም።

ውሃው ከመብራቱ ይለያል፤ እሱ የከተማው ነው። የአዲስ አበባ ውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን የከተማ አስተዳደሩ መሥሪያ ቤት ነው፤ ታሪፉም በከተማው በኩል ነው የሚጸድቀው። እዚህ ላይ ምክር ቤት፣ ካቢኔ፣ የምክር ቤት አባል የሚሉት ቃላት ትርጉም አላቸው።

ወደ ምክር ቤቱ መብት ልለፍ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 49 አዲስ አበባ ራሷን በራሷ የማስተዳደር ሙሉ ሥልጣን አላት። በቻርተሩ፣ ማለትም በአዋጅ ቁጥር 361/1995፣ ምክር ቤቱ አዋጅ ያወጣል፣ ካቢኔው ደግሞ ደንብ። ከተማው ለሚሰጠው አገልግሎት ክፍያ መወሰን ሥልጣኑ ነው። ስለዚህ «መብት የለውም» ብለው ቢከሱ አይሳካልዎትም። የሚያዋጣው «ሥርዓቱን ተከትሏል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነው።

ወሬውን ትተው ወረቀቱን ይፈልጉ። የከተማው አዋጅና ደንብ በአዲስ ነጋሪ ጋዜጣ ይወጣል። ወረዳው «አዲስ መመሪያ ወጥቷል» ካለዎት ግን ነገሩ ይለያል። በፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 መሠረት አንድ መሥሪያ ቤት መመሪያ ሲያወጣ ረቂቁን ለሕዝብ አስተያየት ማቅረብ፣ ከዚያም ማስመዝገብና በድረ ገጽ ማሳተም አለበት። አዋጁ የአዲስ አበባንና የድሬዳዋን መሥሪያ ቤቶችም ይመለከታል። መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ መመሪያ በእርስዎ ላይ ሊጠቀስ አይችልም። ይህን አዋጅ የወረዳ ሠራተኛ ብዙ ጊዜ ሰምቶት አያውቅም። ቁጥሩን በወረቀት ጽፈው ይሂዱ፤ የአነጋገሩ ለውጥ ይገርምዎታል።

ክፍያው ገና ረቂቅ ከሆነ ደግሞ ከፍርድ ቤት ይልቅ ምክር ቤቱ ይቀርብዎታል። 138 መቀመጫ አለው፤ ከእነዚያ መካከል የእርስዎን አካባቢ የሚወክሉ አሉ። ብቻዎን አይሂዱ። በመንደሩ ያሉ ቁርስ ቤቶች፣ ፀጉር ቤቶች፣ ሚኒ ማርኬቶች ተፈራርማችሁ አንድ ገጽ ጻፉ። «ከአቅማችን በላይ ነው» ብቻ አይበቃም። ባለፈው ዓመት ስንት ከፈላችሁ፣ አሁን ስንት ተጠየቃችሁ፣ ገቢያችሁስ ስንት ነው? ቁጥር ያለው አቤቱታ ስብሰባ ላይ ይነበባል፤ ቁጥር የሌለው እሮሮ ግን ይረሳል። ተወካያችሁን ማን እንደሆነ እንኳ የማታውቁ ከሆነ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጥፋቱ የእነሱ ብቻ አይደለም።

የቀረው መዋጮው ነው። እሱ ላይ መልሴ አጭር ነው፦ መዋጮ በፈቃድ ነው። ለፈቃድ እድሳት የሚያስፈልገውን ሕጉ ዘርዝሮታል። የግብር ክሊራንስ፣ ማለትም የግብር ዕዳ እንደሌለብዎ የሚያረጋግጥ ወረቀት፣ ያስፈልጋል። የእርስዎ ሥራ ምግብ ስለሆነ የብቃት ማረጋገጫም ይጠየቃሉ። የተረጋገጠ የኪራይ ውል ይዘው ይቅረቡ፤ አድራሻዎ ከተቀየረም ያስታውቁ። የመዋጮ ደረሰኝ ከእነዚህ አንዱ አይደለም። ለልማት መስጠት ከፈለጉ ይስጡ፤ ደረሰኝ ይቀበሉ። ካልፈለጉ ፈቃድዎ ሊያዝ አይገባም። እድሳቱን በኢትሬድ፣ ማለትም በኦንላይን የንግድ ፈቃድ አገልግሎቱ፣ መሞከርም ይችላሉ፤ አንዳንዴ የሰው ፊት ከማየት ያድናል።

ሠራተኛው አሁንም እምቢ ካለ አይጨቃጨቁ። ማመልከቻ ይጻፉ። እንዲህ ይበቃል፦

«ለወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት። ጉዳዩ፦ የንግድ ፈቃድ እድሳት የተከለከልኩበት ምክንያት በጽሑፍ እንዲሰጠኝ ስለመጠየቅ። የግብር ክሊራንስ፣ የብቃት ማረጋገጫና የኪራይ ውል አሟልቼ ቀርቤ እድሳቱ አልተፈጸመልኝም። በአዋጅ ቁጥር 1183/2012 መሠረት ውሳኔው ከነምክንያቱና ከሕግ መሠረቱ ጋር በጽሑፍ እንዲሰጠኝ አመለክታለሁ።»

በሁለት ቅጂ ያትሙት። አንዱን መዝገብ ቤት ገቢ ያድርጉ፤ በሌላው ላይ ቀን፣ ቁጥርና ማኅተም ያስመቱ። አብዛኛው የመዋጮ ጉዳይ እዚህ ላይ ያበቃል። «መዋጮ ስላልከፈለች ከለከልኳት» ብሎ የሚፈርም ኃላፊ እስካሁን አላጋጠመኝም። ከጸኑ ግን ወደ መሥሪያ ቤቱ ቅሬታ ሰሚ ይሂዱ። ይህን ደረጃ አይዝለሉት፤ ፍርድ ቤት መጀመሪያ የውስጥ ቅሬታውን ጨርሰሻል ወይ ብሎ ይጠይቅዎታል። እዚያም መልስ ካጡ ውሳኔው እንዲከለስ ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ማመልከት ይቻላል፤ ጊዜው አጭር ስለሆነ የውሳኔው ደብዳቤ በእጅዎ እንደገባ ጠበቃ ያማክሩ። የእንባ ጠባቂ ተቋምም አለ፤ አያስከፍልም፣ ግን እንደ ፍርድ ቤት ትእዛዝ አይሰጥም።

በቅደም ተከተል ከጠየቁኝ፣ ነገ ጠዋት ክሊራንስዎን ይጠይቁ፤ እሱ ነው ቀን የሚበላው። ከሰዓት በኋላ አከራይዎን የሦስት ወር ሂሳብ ያሳዩኝ ይበሏቸው። የኪራይ ውሉ የሚታደስበት ጊዜ ሲደርስም ሰነዶች ማረጋገጫ ከመሄዳችሁ በፊት አንድ መስመር ያስገቡ፦ «ተከራይ መብራትና ውሃ የምትከፍለው በራሷ ቆጣሪ ንባብ ነው፤ ቆጣሪው እስኪገባ ድረስ አከራይ በየወሩ ሂሳቡን ያሳያሉ።»