የጅማ መናፈሻዎች፦ ስለ ጥላ፣ ስለ ውሃና ስለ ሣር

ጋሼ፣ መናፈሻ የሚባል ነገር ሳይመጣ ጅማ ላይ ሰው የት ነበር የሚያርፈው?
ዛፍ ሥር ነዋ። ኦሮሞ ለሸንጎም ለዕርቅም የሚሰበሰበው ኦዳ ጥላ ሥር ነው፤ ኦዳ ደግሞ ከሾላ ወገን ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ የጅማ መሐል በፕላን መንገድ ሲዘረጋበት የአደባባይ አረንጓዴና በረድፍ የሚተከል ዛፍ ልማድ ሆነ። ዛሬም ሁለቱ ጠባይ አብሮ ይታያል።

የጅሬን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ግቢ እንደ መናፈሻ ይቆጠራል?
ቅርስ ነው። ኮረብታው ከተማዋን ቁልቁል ያሳያል፤ ለዚያ ብቻ መውጣት ያዋጣል።

አዌቱ ወንዝ ዳር የምንተክለው ችግኝ ለምን ይደርቃል?
ብዙ ጊዜ የሚገድለው መታፈን ነው። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች። ውሃ የሚቋጥር አፈር ላይ ሥሩ አየር ያጣና ቅጠሉ ይጠወልጋል፤ ተንከባካቢው ውሃ የጠማው መስሎት ይጨምርበታል! ከመትከላችሁ በፊት 50 ሳንቲ ሜትር ቆፍሩና ውሃ ሙሉበት። ሲሰርግ እንደገና ሙሉት። በማግስቱ ውሃው እዚያው ካለ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል አፈር ከምራችሁ ጉብታው ላይ ትከሉ። ፕላስቲኩን ሙሉ በሙሉ ቀዳችሁ ጣሉ፣ ከታች የተጠቀለለውን ሥር ቁረጡ፣ ግንዱን አፈር አታልብሱት፤ ይበሰብሳል።

ለመቀመጫ ጥላ ዋንዛ ይሻላል ወይስ ብርብራ?
እኔን ከጠየቃችሁኝ ሰሳ። የቡና ገበሬው ለጥላ የሚመርጠው በከንቱ አይደለም፦ ቅርንጫፉ እንደ ጃንጥላ ይዘረጋል፣ ብርሃንም ያሳልፋል። ዋንዛ አበባው ያምራል፤ ፍሬው ግን ያጣብቃል፣ የተቀመጠ ሰው ልብስ ይበላሻል። ስለዚህ ከወንበር 8 ሜትር ያህል አርቁት። ብርብራም ጥሩ ዛፍ ነው፤ ዓሣ ያለበት ኩሬ ዳር ግን አትትከሉት። ፍሬው ተወቅጦ ዓሣ ማደንዘዣ እንደሚሆን የአገሬው ሰው ያውቃል።

ባሕር ዛፍስ? ቶሎ ያድጋል።
ረግረጉን ይመጠዋል፣ ከሥሩም ሣር አያስበቅልም። ለማገዶ ሌላ ቦታ ፈልጉለት።

ዛፍ ሥር ሰርዶ ተክለን ጠፋብን።
ሰርዶ ፀሐይ ይወዳል። ገላጣው ላይ ሰኔ መግቢያ፣ በየ15 ሳንቲ ሜትሩ አንድ ጭብጥ ትከሉ፤ እስኪያያዝ ሰው እንዳይረግጠው በገመድ አጥሩት። ጥቅጥቅ ያለ ጥላ ሥር ግን ጠጠር ማልበስ ይሻላል። ሰው የሚያቋርጥበትን መስመር ደግሞ አትከልክሉ፤ እግር የመረጠውን መንገድ ድንጋይ አንጥፉበት።

ቦዬ ረግረግ ጉማሬ ለማየት ልጆች ይዘን እንሂድ?
ሂዱ፤ ግን በቀን ብርሃን። ጉማሬ ሣር ሊግጥ የሚወጣው ማታ ነው፤ ንጋት ላይ ወደ ውሃው ሲመለስ መንገዱ ላይ ያገኘውን አይምርም። በእሱና በውሃው መሐል ፈጽሞ አትቁሙ። የረገጠው ጎድጓዳ መንገድ ካያችሁ ምንጣፋችሁን ሌላ ቦታ አንጥፉ።