መልስ፦ የጤና ምርምር «አዋጣ» የሚባለው በምን ተለክቶ ነው?

ወንድሜ፣ «የታተመው ጽሑፍ ብዛት አይበቃም ወይ?» ላልከው፣ እኔ አይበቃም ባይ ነኝ። በ2008 እ.ኤ.አ. እንግሊዞች የልብና የደም ሥር ምርምርን አስልተው ነበር። ለምርምሩ የወጣች አንዲት ፓውንድ (100 ፔንስ ናት) በየዓመቱ 39 ፔንስ ትመልሳለች አሉ። 9ኙ ከጤና መሻሻል፣ 30ው ከኢኮኖሚው ዕድገት። ግን ፍሬው በሽተኛው ጋ እስኪደርስ 17 ዓመት ገደማ ይፈጃል። በየሩብ ዓመቱ ውጤት ለሚጠይቅ አለቃ ይቺን አሳየው!

የእኛን እንዶድ ደግሞ እይ። ተመራማሪው ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ወንዝ ዳር፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ፣ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። እንዶዱ ነበር የገደላቸው፤ ቢልሃርዚያ የሚባለውን በሽታ የሚያስተላልፉት ደግሞ እነዚያው ናቸው። በኋላ እዚያው አድዋ እንዶዱ ለዓመታት ተሞከረ። በትንንሽ ልጆች ላይ በሽታው ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። ለእኔ ልኬት ማለት ይሄ ነው። «ራይት ላይቭሊሁድ» የሚባለው ዓለም አቀፍ ሽልማትማ ለአክሊሉ የመጣው በ1989 እ.ኤ.አ. ነው።