መልስ፦ ለክፍት የሥነ ፈለክ ሶፍትዌር የሚሠራ ሰው ደመወዝ ከየት ይመጣል?

የከዋክብትን የብርሃን ለውጥ የሚለካው ኮዳችሁ በትርፍ ሰዓት አልሄድ ስላለ፣ ሙሉ ጊዜውን ለሚሰጥ አንድ ሰው ገንዘብ እንዴት እንጠይቅ ብለሃል።

“ለሶፍትዌር” ብለህ አትጠይቅ፤ የአንድን ሰው ስድስት ወር ጠይቅ። ደመወዙን በጀቱ ላይ ለብቻው አስቀምጥ። ከጎኑ በየወሩ የሚያልቀውን ሥራ ጻፍ፦ ስህተት ማረም፣ መመሪያ መጻፍ፣ ለተጠቃሚ መመለስ። ማመልከቻውን ከመጀመርህ በፊት ግን ዩኒቨርሲቲው የውጭ ገንዘብ ተቀብሎ ለደመወዝ መክፈል ይችል እንደሆነ ጠይቅ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚቀረው።

በፓይተን የኮምፒውተር ቋንቋ የተጻፈውን ክፍት የሥነ ፈለክ ሶፍትዌር፣ አስትሮፓይን፣ እንደ ማስረጃ ጥቀስ። በ2011 ተጀምሮ ለዓመታት የቆመው ባብዛኛው በበጎ ፈቃደኞች ትከሻ ነው፤ ሳይንስን የሚደግፈው የአሜሪካው ሙር ፋውንዴሽን ትልቅ ድጋፍ የመጣው በ2019 ነው። ገንዘብ የሚይዝለትም ነምፎከስ የተባለ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው።

አንድ ነገር ልንገርህ። እኛ የቀጠርነው ልጅ ጎበዝ ነበር፣ ኮንትራቱ ሲያልቅ ሄደ። በ2024 ኮዳችን የሚጠቀምበት የፓይተን የስሌት መሣሪያ አዲስ ስሪት፣ ነምፓይ 2፣ ሲወጣ ኮዳችን ተበላሸ። ጣና ዳር ላፕቶፔን ከፍቼ ያን ሁሉ ቀይ የስህተት መስመር ሳይ በጣም አዘንኩ፤ ውስጡን የሚያውቅ ሌላ ሰው አልነበረንም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ አንድ ተማሪ ከምትቀጥረው ሰው አጠገብ ይቀመጥ፤ የተማሪውንም አበል በጀቱ ውስጥ አስገባ።