የአንባቢያን ጥያቄዎች፦ የሚነባበር ርዕስ፣ የሳስ ማስጠንቀቂያና የቴምፕሌት ፈቃድ

ጥያቄ፦ ለማር አምራቾች ማኅበር የሠራሁት ድረ ገጽ በስልክ ሲከፈት የርዕሱ ሁለት መስመሮች ይነባበራሉ። የቁልፎቹም ጽሑፍ ከታች ተቆርጦ ይታያል። በኮምፒውተር ግን ደህና ነው። ችግሩ የፎንቱ ይሆን? (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ ፎንቱን አይቀይሩ፤ መጀመሪያ ላይን-ሃይቱን (የመስመሩን ከፍታ) ይመልከቱ። ለ«ቦዲ» (ለገጹ ጠቅላላ ክፍል) ላይን-ሃይት 24 ፒክስል ብለው ከሰጡ ርዕሱም ያንኑ ቁጥር እንዳለ ይወርሳል። የርዕሱ ፊደል 36 ፒክስል ቢሆንም መስመሩ 24 ላይ ይቀራል። «የጮቄ ተራራ ንጹሕ ማር» በሰፊ ስክሪን ባንድ መስመር ስለሚያልቅ ጉዳቱ አይታይም። ስልክ ላይ ለሁለት ሲከፈል ግን የ«ቄ» እግር ከሥሩ ያለው ፊደል ራስ ላይ ይወጣል።

መለኪያ የሌለው ቁጥር ይስጡ፦ ለጽሑፉ 1.7፣ ለርዕሱ 1.35 ያህል። ቁጥሩ ብቻውን ሲጻፍ እያንዳንዱ ክፍል በራሱ የፊደል መጠን ያባዛዋል። ከርዕስ ውጭ ባለው ጽሑፍ ለላቲን የሚበቃው 1.4 ለእኛ ፊደል ይጠባል፤ የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለው መስመሩ ከዳር እስከ ዳር የሞላ ነው፤ ዓይን የሚያርፈው በመስመሮቹ መካከል ብቻ ነው።

ቁልፎቹ የሚቆረጡት ቋሚ «ሃይት» (ከፍታ) ከ«ኦቨርፍሎው ሂድን» (ከቦታው የተረፈውን ከሚደብቀው ትእዛዝ) ጋር ሲገናኝ ነው። ሃይቱን አጥፍተው ከላይና ከታች 10፣ ከግራና ከቀኝ 18 ፒክስል ፓዲንግ (የውስጥ ክፍተት) ይስጡ። ኢታሊክ (ያጋደለ ጽሑፍ) ካለም ያንሱት። የግእዝ ፎንቶች አብዛኞቹ የራሳቸው ኢታሊክ ስለሌላቸው ብራውዘሩ ፊደሉን በግድ አጋድሞ ያበላሸዋል። ቃሉን ማጉላት ከፈለጉ ቦልድ (ደማቅ ጽሑፍ) ይበቃል።

ጥያቄ፦ የቆየ ሥራዬን አዲስ ላፕቶፕ ላይ ስከፍት ኖድ-ሳስ (በሳስ የተጻፈውን የገጽ መልክ ብራውዘር ወደሚያነበው ሲ.ኤስ.ኤስ የሚቀይረው የቆየ መሣሪያ) አልጫን አለኝ። በምትኩ «ሳስ» የተባለውን አዲሱን መሣሪያ ስጭን ደግሞ ሌላ ፋይል ስለሚጠራው ስለ «@ኢምፖርት» ማስጠንቀቂያ ይደረደራል። ዝም ብዬ ልለፈው? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ገጹ ዛሬ ይሠራል፤ ግን አይለፉት። ኖድ-ሳስ የተመሠረተበት ሊብሳስ በፈረንጆቹ ጥቅምት 2020 እንዲቀር ተወስኗል። እያንዳንዱ የኖድ (ጃቫስክሪፕትን ከብራውዘር ውጭ የሚያስኬደው ፕሮግራም) ስሪት የሚስማማውን ኖድ-ሳስ ይፈልጋል። ካላገኘ እዚያው ኮምፒውተርዎ ላይ ሊገነባ ይሞክራል፤ ፓይተንና የሲ++ ኮምፓይለር ከሌለ ይወድቃል። ስለዚህ ኖድ-ሳስን አራግፈው ሳስን መጫንዎ ልክ ነው።

«@ኢምፖርት» ደግሞ ከሳስ 1.80 (2024) ጀምሮ ማስጠንቀቂያ ያወጣል፤ በ3.0 ጨርሶ ይወገዳል ተብሏል። የሚነቀፈውም በምክንያት ነው፦ ተለዋዋጩን (ስም የተሰጠውን ዋጋ፣ ለምሳሌ ቀለም) ሁሉ አንድ ላይ ይቀላቅላል፣ አንዱን ፋይል አሥር ቦታ ከጠሩት የሲ.ኤስ.ኤስ ሕጎቹም አሥር ጊዜ ይጻፋሉ። «@ዩዝ» ግን ፋይሉን አንዴ ብቻ ይጭናል፣ የፋይሉንም ስም ከተለዋዋጩ ያስቀድማል። «ቀለም» በሚባል ፋይል ውስጥ ያለው «$ዋና» ከውጭ «ቀለም.$ዋና» ተብሎ ይጠራል።

በእጅ አንድ በአንድ አይለውጡ። መጀመሪያ ያለውን ሁሉ በጊት (የለውጥ ታሪክ በሚይዘው ፕሮግራም) ኮሚት ያድርጉ፣ ማለትም ያስመዝግቡ። ከዚያ ሳስ-ማይግሬተርን (ወደ አዲሱ አጻጻፍ የሚቀይረውን መሣሪያ) ጭነው በዋናው ፋይል ላይ «ሞጁል» የሚለውን ትእዛዝ፣ «ማይግሬት-ዴፕስ» ከሚለው አማራጭ ጋር ያስኪዱ። ሲጨርስ በጊት ዲፍ ምን እንደተለወጠ መስመር በመስመር ያንብቡ።

ከዚህ በኋላ የሚያስቸግረው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነገር ነው፦ «ተለዋዋጩ አልተገኘም» የሚል ስሕተት። «@ዩዝ» የሚሠራው ለተጻፈበት ፋይል ብቻ ነው፤ ዋናው ፋይል ላይ ስለጻፉት ሌሎቹ አያዩትም። በሚያስፈልገው ፋይል ሁሉ፣ ከማንኛውም ሕግ በፊት አናቱ ላይ ይጻፉት። ብዙ ፋይሎችን ባንድ በር ማሳለፍ ከፈለጉ «@ፎርዋርድ» አለ።

ገጽዎ አራት አምስት ቢሆን ኖሮ ሳስን ጨርሶ ተዉት እንል ነበር፤ ለቀለምና ለክፍተት የሲ.ኤስ.ኤስ የራሱ ተለዋዋጮች ይበቃሉ። ኔስቲንግን (አንዱን ሕግ በሌላው ውስጥ መጻፍን) ግን ብራውዘሮች ማወቅ የጀመሩት በ2023 ስለሆነ፣ አሮጌ ስልክ የያዘ ደንበኛ ካለዎት በእሱ አይተማመኑ።

ጥያቄ፦ ኮድ ከሚጋሩበት ድረ ገጽ ከጊትሀብ ያወረድኩት ቴምፕሌት (የተዘጋጀ የገጽ ቅርጽ) የኤም.አይ.ቲ (ኮዱን በነጻ መጠቀም የሚያስችል) ፈቃድ አለው። የሠሪውን ስም ከገጹ ግርጌ ማጥፋት እችላለሁ? (ከሞጣ)

መልስ፦ ከግርጌው ይችላሉ፤ ከኮዱ አይችሉም። ኤም.አይ.ቲ የሚጠይቀው የባለመብቱ ማስታወቂያና የፈቃዱ ጽሑፍ ከኮዱ ጋር እንዲቆይ ነው። ክሪኤቲቭ ኮመንስ አትሪቡሽን የተባለው ፈቃድ ቢሆን ግን ስሙን መጥቀስ ግዴታ ነው። ፈቃድ የሌለውን ደግሞ አይንኩት፤ ጊትሀብ ላይ መታየቱ ብቻ አያስፈቅድም።

አንድ የሚዘነጋ ነገር አለ፦ ሳስ ፋይሉን ሲያጨምቅ በኮዱ ውስጥ በ«/*» የተጀመሩ አስተያየቶችን ስለሚጥል የፈቃዱ ማስታወቂያም አብሮ ይጠፋል። መክፈቻውን «/*» ሳይሆን «/*!» ያድርጉት፤ በቃለ አጋኖ የተጀመረውን አይጥለውም።