መልስ፦ የዳይኤው ናካውቺ እንዴት ወደቀ?

"ዳይኤን የሚያህል የጃፓን ሱፐርማርኬት እንዴት ወደቀ?" ብለህ ለጠየቅከው፣ ለእኔ ዋናው ምክንያት መሬት ነው።

መሥራቹ ኢሳኦ ናካውቺ ከፊሊፒንስ ጦር ሜዳ ቆስሎ የተመለሰ ወታደር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1957 ኦሳካ ላይ ርካሽ ሱቅ ከፈተ። ዋጋ ወሳኙ አምራቹ ሳይሆን ሸማቹ ነው ብሎ ከኤሌክትሮኒክስ አምራቹ ማትሱሺታ (የዛሬው ፓናሶኒክ) ጋር 30 ዓመት ያህል ተጣላ። ድፍረቱ እስካሁን ያስደንቀኛል። በ1972 ዳይኤ በሽያጭ ሚትሱኮሺ የተባለውን አንጋፋ የጃፓን ትልቅ መደብር በለጠ።

ግን ዕድገቱ በብድር ነበር። መሬት ይገዛል፣ ሱቅ ይከፍታል። የመሬቱ ዋጋ ሲወጣ እሱኑ አስይዞ እንደገና ይበደራል። በ1990ዎቹ የመሬት ዋጋ ሲወርድ ዕዳው አፍጥጦ መጣ። በ1995 ደግሞ የኮቤ ርዕደ መሬት ሱቆቹን መታ። በዚያ ጭንቅ ለሕዝቡ ሸቀጥ ለማድረስ መሮጡን ግን አልረሳለትም።

በ2001 ከኩባንያው ለቀቀ፤ በ2005 አረፈ።